ስለ ዓሣ ገንዳ አያያዝ

በጎንደር ከተማ ጥር 11 ቀን ለሚከበረው ለጥምቀት በዓል ከቀሐ ወንዝ በቦይ እየተሳበ በአፄ ፋሲል መዋኛ የሚሞላው ውኃ፥ በፀሐይ ላይ ሲሰነብት መልኩ ወደ አረንጓዴነት ያደላል። ያ ታላቅ መዋኛ ግን ከበዓሉ በኋላ ውኃው ተለቆ ደርቆ ይከርማልና አረንጓዴው ነገር አይሰለጥንበትም። በቤት ውስጥ በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያኖሩ አንባብያን ግን ገንዳቸውን ማድረቅ ስለማይቻላቸው ሌላ ዘዴ ሊይዙ ይገባል።

ይህ አረንጓዴ ነገር በአማርኛ ዋቅላሚ፥ በፈረንጆች ቋንቋ አልጌ ይባላል። እድፍ አይደለም፤ ብርሃንና ምግብ ሲያገኝ እንደ ተክል የሚያድግ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። ምግቡም ከዓሣው ኩስና ሳይበላ ወድቆ ከሚበሰብሰው ፍርፋሪ የሚወጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። እንግዲህ መስተዋቱን በየሳምንቱ እየፈገፈገ ዓሣውን ያለ ልክ የሚያበላ ሰው፥ በአንድ እጁ እያረመ በሁለተኛው እጁ አረም የሚዘራ ገበሬ ይመስላል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚመጣው ከደግነት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ሲበሉ እንያቸው» እየተባለ ዳቦ ይፈረፈርላቸዋል። ልግስና በማዕድ ላይ ያስመሰግናል፤ በዓሣ ገንዳ ግን ውኃ ያበላሻል። በቀን አንድ ጊዜ፥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል ይበቃቸዋል።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የበጋ ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ስለዚህ ገንዳውን ለማማር ብሎ ከመስኮት አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም። መብራት ያለውም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አያብራው።

ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው የመድኃኒቱን ነገር ነው። ዋቅላሚን የሚገድለው መድኃኒት ብዙ ጊዜ መዳብ ያለበት ነው፤ መዳብም ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው፥ ሲበዛም ዓሣውን ይገድላል። ከዚህም በላይ በአንድ ጊዜ የሞተው ዋቅላሚ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል። እርሱ በሕይወት ሳለ እንኳ በቀን ኦክሲጅን እየሰጠ በሌሊት መልሶ ይወስዳልና፥ ውኃው እንደ ጎመን ጭማቂ የወፈረበት ቤት ዓሣዎቹ ሊነጋጋ ሲል ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ አየር የሚነፋውን መሣሪያ አለማጥፋት፥ ገንዳውንም ለሦስት ወይም ለአራት ቀን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ምግቡን መቀነስ፥ ከዚያም ውኃውን በከፊል መለወጥ ይሻላል።

ውኃውን ሁሉ ደፍቶ አሸዋውን በሳሙና ማጠብ ግን ፈጽሞ አይገባም። ሳሙናው ራሱ ዓሣውን ይጎዳል። በአሸዋውና በማጣሪያው ውስጥም ከኩሱ የሚወጣውን የአሞንያ መርዝ የሚለውጡ ጥቃቅን ሕዋሳት ይኖራሉ፤ እነርሱ ከጠፉ ዓሣው በንጹሕ በሚመስል ውኃ ውስጥ ይሞታል። በየሳምንቱ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ፥ ከታች ያለውን ዝቃጭ በቀጭን ጎማ እየሳቡ መለወጥ ይበቃል። የሚተካው የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በሰፊ ዕቃ ክፍቱን አንድ ቀን ይዋል ይደር። መስተዋቱን ለዚሁ ብቻ በተለየ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። በአዲስ ገንዳ ላይ የሚታየው ቡናማ ሽፋን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋልና አያስደንግጥ።

ከጣና የመጣ ቀረሶ ቢጨመር ዋቅላሚውን ይበላዋል የሚሉ አሉ። መብላቱስ ይበላዋል፤ ነገር ግን ትልቅ ዓሣ ነውና ለጠባብ ገንዳ አይሆንም፥ ኩሱም የበላውን ዋቅላሚ መልሶ ይቀልበዋል። ከዚህ ይልቅ የውኃ ተክል ማብቀል ይበጃል፤ ተክሉ ያንኑ ምግብ ይሻማዋልና።

ተክሉ በዝቶ ሲቆረጥ ግን ወደ ወንዝ አይጣል። በ2004 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የታወቀውና የደምቢያን ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ያስጨነቀው እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም የተሰራጨውም ሰዎች ስለ አበባው ውበት በኩሬና በገንዳ ያኖሩት ስለ ነበር ነው። ቀሐ ወደ መገጭ፥ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳል። የተቆረጠው ተክል በፀሐይ ደርቆ በጓሮ ይቀበር፤ ከገንዳው የተቀዳው አሮጌ ውኃም ለጌሾውና ለጽጌረዳው ይፍሰስ፥ ዋቅላሚውን ያሳደገው ምግብ እነርሱንም ያሳድጋቸዋል።