ቡኢ ላይ ቦይለር ሊተከል ነው እንበል፦ የብረቱ ወረቀት የት አለ?

ሰሞኑን ስለ ማሽነሪ ዋጋ የማይወራበት ቦታ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ስለ ዘይትና ስለ መድኃኒት ብዙ ተብሏል፣ ተጽፏልም። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ብዙም የማይወራለትን ቦይለርን ነው።

ቡኢን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትሄዱ ቲያን አልፋችሁ የምታገኟት የሶዶ ወረዳ ከተማ ናት። በፋብሪካ አትታወቅም። ነገር ግን በ2014 ከተጀመረው «ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ ወዲህ የትናንሽ ከተማ ወጣት ሁሉ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ እሴት ጨምሩ፣ አቀነባብሩ። ጥሩ! ወተት ማቀነባበር ቢፈልግ፣ ሳሙና ማምረት ቢያስብ፣ ቲማቲም ማሸግ ቢጀምር መጀመሪያ የሚያስፈልገው እንፋሎት ነው። እንፋሎት ደግሞ ቦይለር ይፈልጋል።

እንግዲህ ምርጫው ሦስት ነው። አዲስ ማስመጣት፣ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር አብሮ ወጥቷል። ያገለገለ መግዛት። ወይም በያጅ ጋ ሄዶ «እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» ማለት። ሦስተኛው እንዴት እንደሚያጓጓ ይገባናል። አገራችን ውስጥ ጎበዝ በያጅ ሞልቷል፤ በር፣ ጋሪ፣ የውሃ ታንከር፣ ምን ያልሠራው አለ? ችግሩ የእጁ ሙያ ብቻ አይደለም። እጁ ላይ ያለው ላሜራ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ እሱም ሻጩም አያውቁትም።

እስቲ በቁጥር እንየው። መካከለኛ የሚባል፣ ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ ቦይለር በ10 ባር ይሠራል እንበል። 10 ባር ማለት በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 10 ኪሎ ግራም ግፊት ነው። ይህ ግፊት የቦይለሩን አንድ የጎን ክዳን የሚገፋበት ኃይል ከ1,100 ኩንታል ክብደት ይበልጣል። ሃምሳ ኩንታል የጫኑ ሃያ ሁለት አይሱዙዎች አንድ ክብ ላሜራ ላይ ተደራርበው ቆሙ እንደማለት ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ደግሞ 184 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ቡኢ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺ ሜትር አካባቢ ስለሆነች ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ቦይለሩ ከተቀደደ ያ 184 ዲግሪ የነበረ ውሃ በአንዴ ወደ 93 ሊወርድ ይታገላል፣ ትርፉ ሙቀትም ከፊሉን ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ያደርገዋል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ቦይለር ሲፈነዳ ግድግዳ የሚያፈርሰው ይኼ ነው፤ እሳቱ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚይዘው ብረት ምን ያህል ይወፍር? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል። ለቦይለር ተብሎ የተመረተ ደህና የካርቦን ብረት ከሆነ ስሌቱ 5 ሚሊ እንኳ አይሞላም፤ ለዝገት እና ለብየዳው መጠባበቂያ ይጨመርበታል። ስለዚህ «ባለ 10 ላሜራ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚለው ክርክር ትክክል ይመስላል። ግን ስሌቱ የሚሠራው ብረቱ ከታወቀ ብቻ ነው። በዓለም በብዛት የሚሠራበት የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ በብየዳ ለሚሠራ ቦይለር ካርቦኑ ከ0.35 በመቶ ያለፈ ብረት አይፈቅድም። ለምን? ካርቦን የበዛበት ብረት ብየዳው አጠገብ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከቆራሌው የመጣ ቁራጭ ላይ ካርቦኑ አልተጻፈም። በካሊፐር ሲለካ ያው 10 ሚሊ ነው፣ በዓይን ሲታይም ብረት ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው፣ የባሰውም እሱ ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እሳት አይጎዳውም ብሎ የሚያስብ አለ። ጥንካሬው ግን ከመቅለጡ ብዙ ቀድሞ ያልቃል። ለቦይለር በብዛት የሚውል አንድ የካርቦን ብረት ዓይነት እስከ 250 ዲግሪ ድረስ እንዲሸከም የሚፈቀድለት ጫና አይቀንስም። 450 ላይ ግማሽ ገደማ ይሆናል። 500 ላይ ሩብ። ከ400 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ጠባይ ያመጣል፦ ጫናው ሳይጨምር፣ እዚያው እንዳለ፣ ቀስ እያለ ይለጠጣል። መሐንዲሶቹ ክሪፕ ይሉታል። ዛሬ ምንም አይታይም፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቱቦው ሆዱ ይነፋና ይቀደዳል። የኃይል ማመንጫዎች እንፋሎቱን ከ500 ዲግሪ በላይ ሲያሞቁ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የገባበት ውድ ብረት የሚጠቀሙት ለዚሁ ነው።

«የእኛ ቦይለር 184 ዲግሪ ነው አላችሁ፣ 500 ከየት መጣ?» ትሉን ይሆናል። ከማንቆርቆሪያው ነው የሚመጣው። ቤታችሁ ያለውን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት፤ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ቦይለር ውስጥም ያው ቅርፊት ይጋገራል። በእሳቱ በኩል ከ1,000 ዲግሪ በላይ እየነደደ ብረቱን የሚያድነው በሌላው በኩል የሚነካው ውሃ ነው። ቅርፊቱ መሃል ሲገባ ውሃው ብረቱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ ሙቀት በማስተላለፍ ቅርፊት ከብረት ሃያ ጊዜ እና ከዚያም በላይ ይደክማልና። ጌጁ 10 ባር ይላል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል፣ ብረቱ ግን እየጋለ ነው። ውሃው ጎድሎ ብረቱ ባዶውን ከቀረማ ደቂቃዎች ይበቃሉ። (ኦፕሬተሮች ልብ በሉ፦ ውሃ የጎደለበትን የጋለ ቦይለር ላይ ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ራሱ ያፈነዳል። መጀመሪያ እሳቱ ነው የሚጠፋው።)

ሻጮች የሚመልሱት መልስ አላቸው፦ «ፈትነነዋል፣ በውሃ ግፊት ይዟል»። ፈተናው ትክክለኛ ፈተና ነው፣ ደረጃውም ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሞከር ይጠይቃል። ግን የሚሞከረው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። የሚያንጠባጥብ ብየዳ ያሳያል። ያ ብረት ሲግል ምን እንደሚሆን አያሳይም፤ ያንን የሚናገረው ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው የምርመራ ወረቀት ብቻ ነው።

ደረጃው እንዲሁ ከቢሮ አልወጣም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1905 አሜሪካ ብሮክተን ከተማ አንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ በመጠባበቂያነት የተቀመጠ አሮጌ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰው ሞተ። ግዛቲቱ ከሁለት ዓመት በኋላ የቦይለር ደንብ አወጣች፣ የመሐንዲሶቹ ማኅበርም የ1914 እትም የሚባለውን የመጀመሪያውን የቦይለር ደረጃ አወጣ። ይህ የድሮ ታሪክ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባንግላዲሽ ጋዚፑር ላይ የልብስ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 13 ሰው ሞቷል። ባንግላዲሽ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ሲከፈቱ «እንደሷ እንሁን» የተባለላት አገር ናት።

እኛ ጋ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሥራ ቦታው ለሠራተኛው አደጋ እንዳይሆን የማድረግ ግዴታን አሠሪው ላይ ጥሏል። ተቆጣጣሪዎችም አሉ። ነገር ግን ቁጥጥር የሚመጣው ፋብሪካው ከቆመ በኋላ ነው። ያኔ ቦይለሩ ተሸፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ግድግዳ ተሠርቶበት ያገኙታል። ቀለም ስር ያለውን ብረት ማን ይጠይቀዋል? ገንዘቡም ወጥቷል፤ «አውጥተህ ጣለው» ማለት ለተቆጣጣሪውም ይከብዳል።

ስለዚህ እንደኛ እምነት ጥያቄው መነሳት ያለበት ብሩ ከመከፈሉ በፊት ነው፣ ማንሳት ያለበትም ብሩን የሚሰጠው አካል ነው። የልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ ማሽን ሲገዛ ተበዳሪው 20 በመቶ ያዋጣል፣ 80 በመቶው የባንኩ ነው። 80 በመቶ የከፈለ አካል የብረቱን ወረቀት፣ የብየዳውን ምርመራና የሴፍቲ ቫልቩን ልክ ቢጠይቅ ማን እምቢ ይለዋል? መድን ድርጅቶችም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1866 ሃርትፎርድ ላይ የተቋቋመው የቦይለር መድን ኩባንያ ሥራው ካሣ መክፈል ብቻ አልነበረም፤ የራሱን ተቆጣጣሪ እየላከ ያላየውን ቦይለር አልሸፍንም ይል ነበር። ከላይ ያነሳናት ግዛት ደንብ ከማውጣቷ ከአርባ ዓመት በፊት ማለት ነው።

ባንክም መድንም ሳይነካ በቁጠባው የሚገዛው የቡኢ ልጅ ይቀራል። እሱ ቢያንስ ቦይለሩ ላይ የተበየደውን ታፔላ ይፈልግ፦ የሠራው ማን ነው፣ መቼ፣ በየትኛው ደረጃ፣ ስንት ባር። ታፔላው የተፋቀ ከሆነ ወይም በአዲስ ሪቬት የተመታ ከሆነ ዋጋ መከራከር ውስጥ አይግባ። በያጁ የሠራለት ከሆነም የላሜራው ቁራጭ ይቀመጥለት፤ አዲስ አበባ ወስዶ ማስመርመር ከቡኢ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።