ተማር፣ ክፈል፣ ሥራ ግን እንዳትከፍት!

ወገን፣ «እገሌ ውጭ ሄዶ ተማረ» ሲባል እልል የምንል ሁሉ እስቲ ዛሬ ረጋ ብለን እንነጋገር።

መካነ ሰላም አብሮኝ ያደገ ልጅ አሜሪካ ነው። አባቱ ሁለት በሬ ሸጠው፣ ዘመድ አዋጥቶ ነው የሄደው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቀ። የሀበሻ ሱቆች ዕቃ የሚያዙበት ሶፍትዌር ሠርቶ ሦስት ደንበኛ አገኘ። እኔ እዚህ ዲግሪዬን ታቅፌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስዞር እሱ ደረሰኝ መቁረጥ ጀመረ።

አሁን ግን ሊዘጋው ነው። ከስሮ አይደለም፣ ሕጉ ነው።

በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው እየተማረ የራሱን ድርጅት ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። ሲመረቅ በሙያው 12 ወር ይሠራል፣ የራሱንም ሥራ ቢሆን። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለተማረ 24 ወር ይጨመርለታል፤ እዚህ ላይ ግን የሥልጠና ዕቅድ የሚፈርምለት አሠሪ አምጣ ይባላል። ራሱን በራሱ ማሠልጠን አይችልም። በአጭሩ፣ የራስህን ዝጋና የሰው ቅጥረኛ ሁን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ኤች-1ቢ ዕጣ ነው፦ ለመላው ዓለም በዓመት 65,000፣ እዚያው ማስተርስ ለሠሩ ተጨማሪ 20,000። የትምህርት ክፍያውን ሲቀበሉ ግን ዕጣ የለም!

ይሁን፣ የሰው ቤት ሕግ ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ የኛው ቤት ነው።

ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1951 ኢትዮጵያና አሜሪካ አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ውል ተፈራርመዋል፤ በ1953 ጸንቷል። በዚህ ውል ምክንያት ኢትዮጵያዊ ኢ-2 የሚባለውን የባለሀብት ቪዛ መጠየቅ ይችላል። ተማሪ በገፍ የሚልኩት ህንድና ቻይና ይህ ዕድል የላቸውም። እኛ አለን፣ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ! ሕጉ ቁርጥ ያለ የገንዘብ መጠን አላስቀመጠም፤ ለሥራው የሚመጥን ካፒታል በተግባር ይዋል ነው የሚለው።

ካፒታሉስ ከየት ይምጣ? የቦረና ዘመድ አዝማድ ብር ቢሰበስብ እንኳ ወደ ዶላር ቀይሮ ለልጁ ድርጅት መላክ አይችልም። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅም ካፒታል ወደ ውጭ ማውጣት እንደተቆለፈ ነው የቀረው። በዚያው ዓመት ለውጭ ባለሀብት አስመጪነት፣ ላኪነት፣ ጅምላና ችርቻሮ ተከፈተለት። ባዕድ እኛ ጋ ሱቅ ይክፈት፣ የኛ ልጅ ግን እዚያ አይክፈት? ይሄ ምን የሚሉት ሂሳብ ነው?

«ዶላር የለማ!» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ነጋዴ ሲያለቅስ እሰማለሁ። ግን ጣሪያው የታወቀ፣ በሰነድ የተያዘ፣ በውጭ ምንዛሬ የሚመለስ ፈቃድ ለተማሪ መስጠት ብሔራዊ ባንክን ምን ያቅተዋል? ኤምባሲውስ ስለ ውሉ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፎ ቢለጥፍ እጁ ይቆረጣል? ይህን የምትጠይቁ እናንተ ናችሁ፤ የየአካባቢያችሁን የምክር ቤት ተወካይ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። ውጭ ያላችሁም ኤምባሲው በር ድረስ ሂዱ።

የልጁ 12 ወር ጥር ላይ ያልቃል። አባቱ ቅዳሜ ገበያ አግኝተውኝ «ያ ልጅ ሥራው እንዴት ሆነለት?» አሉኝ።

«አብሽሩ አባባ» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበላቸው?