አንድ ክንድ ለማይሞላ ርቀት ባሕር ማዶ መሄድ

ሰሞኑን እዚሁ ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ አንድ የሰፈሬ ልጅ የሠራውን የእንቁላል መፈልፈያ እንዳይለት ጠራኝ። ደህና የእንጨት ሳጥን ነው፤ ውስጡ አምፖል፣ ማራገቢያና ሙቀት መለኪያ አለ፣ ሁሉንም የሚቆጣጠረው አርዱይኖ ነው። ሙቀቱን በስልኩ ሊያሳየኝ ሲል ኔትወርክ ጠፋ። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ እጁ ላይ፣ መሃላቸው አንድ ክንድ አይሞላም። ቁጥሩ ግን ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ መመለስ ነበረበት።

የዶሮ እንቁላል ለ21 ቀን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ሙቀቱ ከ40 አልፎ ጥቂት ሰዓት ከቆየ ጽንሱ ሊሞት ይችላል። ለልጁ ይኼ ጨዋታ አይደለም፣ የተበደረው ብር ነው።

አጠገባችን ያለ ዕቃ እኛን ለማነጋገር ኢንተርኔት ማስፈቀድ የለበትም ባይ ነኝ። ሰኔ 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደቆየ የረሳ የለም። ከእንቁላሉ ዕድሜ ጋር አስተያዩት።

መፍትሔውም አዲስ አይደለም። ኤሪክሰን በ1994 (እ.ኤ.አ.) ብሉቱዝን ሲጀምር ሐሳቡ ገመድን መተካት ነበር፤ የድሮውን የሲሪያል ገመድ በአየር ላይ ማስመሰል እስከ ዛሬ ይቻላል። ልጁ ኤችሲ-05 የምትባለዋን ትንሽ ሰሌዳ አርዱይኖው ላይ ሰካ፤ እኔ ሊነክስ ያለበትን ላፕቶፔን አመጣሁ። ተርሚናል ከፍተን በብሉቱዝሲቲኤል ፈለግናት፣ አድራሻዋን አገኘን፣ አጣመርናት። ከዚያ አርኤፍኮም በሚባለው ትእዛዝ አድራሻዋን ከዜሮ ቁጥር ወደብ ጋር አሰርን።

ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ጋ ነው። ማሰሩ ብቻውን አያገናኝም፤ ግንኙነቱ የሚጀመረው ወደቡን የሚያነብ ፕሮግራም ሲከፈት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «አልሠራም» ብሎ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። እኛንም ሌላ ነገር አደከመን፤ በቁጥር ፈንታ ትርጉም የሌለው ፊደል ይዘንብ ጀመር። ለካ አርዱይኖው የሚያወራበት ፍጥነት ከሰሌዳዋ 9600 ጋር አልገጠመም ነበር። አስተካከልነው፤ 37.4 አለ፣ ቀጥሎ 37.5።

«ለዚህ የስልክ አፕ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ለአንድሮይድ አለ፤ አይፎን ከዚህች ሰሌዳ ጋር አይግባባም። አፑ ግን ሲበላሽ «ግንኙነት አልተሳካም» ብሎ ዝም ይላል። ተርሚናሉ ላይ የትኛው ደረጃ እንደከሸፈ ይታያል፤ ከዚያ ነው ሰው የሚማረው። እርግጥ ብሉቱዝ አሥር ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ከገበያ ሆኖ ሳጥኑን ማየት አይቻልም። ለዚያ ኢንተርኔቱ ይጨመርበት፣ መሠረቱ ግን እሱ አይሁን።

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትገመግሙ መምህራን፣ እባካችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ኔትወርኩን አጥፍተህ አሳየኝ።» ሁለተኛም አለኝ፦ «የይለፍ ቁጥሩ ስንት ነው?» እነዚህ ሰሌዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ 1234 ተብለው ነው የሚመጡት፤ ጎረቤት ገብቶ አምፖሉን ሊያጠፋ ይችላል።

ልጁ የሱን በዚያው ምሽት ቀየረ። እንቁላሎቹ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው።