የእርሻ ትምህርት ፍሬው በማሳ ይታይ

ትምህርት ሁሉ የሚለካበት የራሱ መስፈሪያ አለው። የሐኪም ትምህርት የሚለካው በሕመምተኛው መዳን፤ የግንበኛም ትምህርት የሚለካው በቤቱ መጽናት ነው። እንደዚሁም ሁሉ የእርሻ ትምህርት መስፈሪያው ማሳው ነው እንጂ በመስተዋት ተከቶ በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ወረቀት አይደለም። ይህ ነገር ለሁሉ የታወቀ ቢመስልም በሥራ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት የእርሻ ዲፕሎማ የሚቀበሉት ወጣቶች ምን ሊሠሩ እንደ ተማሩ፤ ከተማሩም በኋላ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ መመርመር ተገቢ ነው። ለዚህም ምርመራ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከርሷ በምዕራብ በኩል እስከ ጣና ባሕር ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ይባላል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከደጋው አጥበው የሚያወርዱትን አፈር ዘመን ከዘመን ሲያለብሱት ስለ ኖሩ፤ መሬቱ ጥቁር መረሬ ሆኖ እጅግ የሰባ ነው። ነገር ግን ስቡ መሬት ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋም ይሰነጣጠቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ከልክ በላይ ሞልተው ብዙ ቤተ ሰብ ከቀዬው እንዳፈናቀሉ የሚዘነጋ አይደለም። እንግዲህ የወረታ ግብርና ኮሌጅ የሚገኘው በዚህ ሜዳ ዳር ነው። ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ከገበሬው ማሳ ይደርሳልና፤ ትምህርቱ የሚፈተንበትን ስፍራ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም።

ፎገራ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። የፎገራ ላም በወተቷና በረግረግ መሬት መሰማራትን በመልመዷ የተመሰገነች ናት። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ግን ለግጦሽ ካልሆነ በቀር በክረምት እህል የሚያበቅል መስሎ አይታይም ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ባሉበት፤ ጅግናና ሻጋ በተባሉት ቀበሌዎች በነበሩት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ሩዝ ተዘርቶ ተሞከረ። ዛሬ በገበያ የታወቀው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ማኅበራቱ ከፈረሱ በኋላ ገበሬው ራሱ ዘሩን ከጎረቤቱ እየተዋሰና እየለወጠ ሜዳውን በሩዝ ሸፈነው። ሩዙ ከጤፍ ጋራ ተፈጭቶ እንጀራ ሆነ፤ ገለባው ለከብት መኖ ሆነ፤ በወረታም የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተተክለው ለብዙ ሰው እንጀራ ከፈቱ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፤ ዕውቀት እስከ ማሳው ድረስ ሲወርድ የማይጠቅም የተባለው ውሃ ራሱ ሀብት እንደሚሆን ነው። ሁለተኛው፤ ገበሬው አዲስ ነገርን የሚጠላ ነው እየተባለ የሚነገረው ሐሜት እውነት አለመሆኑ ነው። የፎገራ ገበሬ አባቶቹ የማያውቁትን እህል በዓይኑ ባየ ጊዜ ማንም ሳያስገድደው ተቀብሎታል። በጆሮው ብቻ የሰማውን ቢጠራጠር ግን ሊፈረድበት አይገባም፤ ዘሩ ቢከሽፍበት ዓመቱን የሚራበው መካሪው ሳይሆን እርሱ ነውና።

በኢትዮጵያ የእርሻን ትምህርት በኮሌጅ ደረጃ ለማቋቋም የተደረገው ድካም ረጅም ነው። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ጋራ በተደረገው ስምምነት መሠረት በ1945 ዓ.ም. በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎም በሐረርጌ የዓለማያ ኮሌጅ ተቋቋመ። የዚያ የኦክላሆማ ኮሌጅ ምንጩ በአሜሪካ በ1862 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ነው። ያ ሕግ ለየክፍላተ ሀገሩ መሬት እየሰጠ የእርሻና የእጅ ሥራ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አድርጓል። ከዚያ ተነሥቶ እያደገ የሄደው ሐሳብ ማስተማር፤ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ የማይነጣጠሉ ሦስት ሥራዎች ናቸው የሚል ነበር። በኋላ ዘመንም በአምቦና በጅማ የሁለት ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት እየተሰጠ፤ ብዙ የእርሻ ባለሙያዎች በየአውራጃው ተሠማርተዋል።

ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ከ20 የሚበልጡ የግብርና የቴክኒክና የሙያ ኮሌጆችን በየክልሉ አቋቋመ፤ የወረታውም ከነዚህ አንዱ ነው። ዐሥረኛ ክፍል የፈጸሙ ወጣቶች 3 ዓመት ተምረው ዲፕሎማ እንዲቀበሉ፤ ከዚያም አንዱ በእህል፤ አንዱ በከብት፤ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት ሠልጥነው ሦስት ሦስት ሆነው በየቀበሌው እንዲመደቡ ተወሰነ። በየቀበሌውም ገበሬው አይቶ የሚማርበት የማሠልጠኛ ማዕከልና ማሳ እንዲኖር ታሰበ። አሳቡ ያማረ ነበር፤ ወጣቱ መምህር፤ ማዕከሉ ትምህርት ቤት፤ ማሳውም መጽሐፍ እንዲሆን ነውና።

ነገር ግን ይህ ያማረ አሳብ ከሥራው ጋራ ሲተያይ ጉድለቱ አይታጣም። በየቀበሌው የተመደበው የልማት ሠራተኛ ከትምህርቱ ጋራ ግንኙነት የሌለው ልዩ ልዩ ሥራ ይጫንበታል። የማዳበሪያ ዕዳ ሰብስብ ይባላል፤ ግብር አስከፍል ይባላል፤ ሕዝብ ለስብሰባ ጥራ ይባላል። ትናንት ዕዳ ሊጠይቅ በደጁ የቆመውን ወጣት ገበሬው ዛሬ የዘር መምህር ነው ብሎ በሙሉ ልቡ ሊቀበለው እንዴት ይችላል? ከዚህም ሌላ የሚያድርበት ቤት ያልተሠራለት፤ የሚያሳይበት ማሳ ያልተሰጠው፤ ከከተማ ርቆ የተረሳ ወጣት ብዙ ነው። ስለዚህ ዲፕሎማውን ወደ ሌላ ማዕርግ መሸጋገሪያ አድርጎ፤ ከእርሻ ጋራ የማይዛመድ ዲግሪ ይዞ ወደ ቢሮ ለመግባት ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም። በዚህ ወጣቱ ብቻውን አይወቀስም። ይሁን እንጂ መንግሥት ገንዘብ ያወጣበት፤ ቤተ ሰብም ከጎደሎው ቀንሶ ያስተማረው ልጅ ማሳውን ጥሎ ሲሄድ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው በሜዳው ላይ ብቻውን የሚቀረው ገበሬ ነው።

የሚያስፈልገውን መድኀኒት ለማግኘት የባዕድ አገር ምሳሌ መፈለግ ግድ አይሆንም፤ ራሱ ደቡብ ጎንደር የያዘው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዐት በቂ ምሳሌ ነው። ድጓ የተማረ ሰው ዐውቄአለሁ ስላለ ብቻ መምህር አይባልም። ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፤ በጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ወርዶ፤ በመምህራን ፊት ቆሞ ካላስመሰከረ በቀር ወንበር አይዘረጋም። ዝማሬ መዋሥዕትም የተማረ እንዲሁ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። የቅኔ ተማሪም ቢሆን የሌላውን ቅኔ በቃሉ በመያዙ ባለ ሙያ አይባልም፤ ከራሱ አፍልቆ ሊቀኝ ያስፈልገዋል። የዓመቱ ቍጥር አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ሙያው ነው። አባቶች ለዜማና ለቅኔ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካደረጉ፤ ለሕዝብ እንጀራ የሚሆነው ትምህርት ያለ ምስክር ሊታለፍ አይገባውም።

እንግዲህ የእርሻ ተማሪ ድጓውን በእጁ እንደሚጽፈው ደቀ መዝሙር መሆን አለበት። ከትምህርቱ ዘመን ቢያንስ አንዱን የእርሻ ወራት ከእርሻው እስከ አጨዳው ድረስ ቍራጭ መሬት ተሰጥቶት በገዛ እጁ ይረስ፤ ይዝራ፤ ይረም፤ ይጨድ፤ ወጪውንና ገቢውንም ይጻፍ። ምስክሮቹም መምህራኑ ብቻ አይሁኑ፤ በሙያቸው የተመሰገኑ የአካባቢው ገበሬዎች ተጠርተው በማሳው ላይ ቆመው ይጠይቁት። ገበሬ የመሰከረለት ተማሪ ወደ ቀበሌው ሲሄድ ከዲፕሎማው ጋራ ክብሩን ይዞ ይሄዳል።

በፎገራ ለዚህ ፈተና የሚሆን ጥያቄ አይጠፋም። ኤክስ ጅግና በገበያ ቢወደድም ዘሩ ከዓመት ዓመት ከሌላ ዘር ጋራ እየተቀላቀለ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ንጹሕ ዘር መርጦ ማቆየት ሙያ ይጠይቃል። ሩዝ ከሁሉ ይልቅ ጉልበት የሚፈጀው በአረም ጊዜ ነው፤ የዱር ሩዝ ከዘሩ ጋራ አብሮ ሲበቅል በቡቃያነቱ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚዘራው ጓያ ድርቅን የሚችል የድኻ መጠጊያ ቢሆንም፤ ዘወትርና በብዛት ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል። እንግዲህ በጓያ ፈንታ ሽምብራ የሚዘራበትን መንገድ ማሳየት፤ ጓያውንም ዘፍዝፎና ከሌላ እህል ጋራ ቀላቅሎ መብላትን ማስተማር ሰውን ከመሽመድመድ ማዳን ነው። ሩዙ ግጦሹን እያጠበበው ስለ ሄደ የፎገራ ከብት ዘር እንዳይጠፋ የመኖውን ነገር ማሰብ ሌላ ሥራ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭም በባሕሩ ዳር ያለውን እርሻና ግጦሽ የሚያስጨንቅ ሆኗል። በወረታ የተቋቋመው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተመራማሪዎች አዲስ ዘር ቢያወጡም፤ ያ ዘር ከገበሬው ጎተራ የሚደርሰው በዚህ ወጣት እጅ ነው። መካከለኛው ድልድይ ከተሰበረ የምርምሩ ቤት በአንድ ወገን፤ ገበሬው በሌላ ወገን ቆመው ይቀራሉ።

ምናልባት፤ የሁለት ዓመት ትምህርት ምን ዕውቀት ይሆናል፤ ይልቅስ ሁሉም ዲግሪ ይማር የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። ከፍተኛ ትምህርት የሚነቀፍ አይደለም፤ ተመራማሪና መምህር ያለ እርሱ አይገኝም። ነገር ግን ሠራዊት ሁሉ የጦር አዛዥ ቢሆን የሚዋጋ እንደማይገኝ ሁሉ፤ የተማረ ሰው ሁሉ ቢሮ ቢገባ ከገበሬው ጋራ ጭቃ የሚረግጥ አይኖርም። አጭር ትምህርት የሚናቀው በማጠሩ ሳይሆን ባዶ ሲሆን ነው። ሕዝቡ «የተማረ ይግደለኝ» እያለ ለትምህርት ያለውን ክብር ሲገልጽ ኖሯል፤ ይህን ክብር በባዶ ወረቀት ማባከን ነውር ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንት አንድ ነገር ሊወስኑ ይገባል። የእርሻ መምህር የሆነውን ወጣት ከዕዳና ከግብር ሰብሳቢነት ነጻ ያድርጉት፤ ለዚያ ሥራ ሌላ ሠራተኛ አለውና። የሚያድርበትን ቤት፤ የሚያሳይበትን ማሳና ንጹሕ ዘር ያዘጋጁለት። የሥራውንም መልካምነት የሚመዝኑት በጻፈው የሪፖርት ብዛት ሳይሆን በቀበሌው ገበሬዎች ጎተራ ይሁን። በሥራው የተመሰገነውም ማሳውን ሳይለቅ በደመወዝና በማዕርግ የሚያድግበት፤ በእርሻ ሙያውም ትምህርቱን የሚቀጥልበት መንገድ ይከፈትለት። ይህ ሳይደረግ ወጣቱን በገጠር ጽና ማለት ፍርድ አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ የገጠሩን ሥራ ሁሉ እጅግ እንዳወከው የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ዝናም በወራቱ ይመጣል፤ ማሳም የሰውን ጠብ አይጠብቅምና፤ ገበሬውንና መምህሩን በሰላም ማገናኘት ከሁሉ የሚቀድም ግዴታ ነው።

ካህናትም በዚህ ነገር ያላቸው ድርሻ ትንሽ አይደለም። የገጠር ካህን ከመቅደስ ሲወጣ ሞፈር የሚጨብጥ፤ የገበሬውን ድካም በገዛ ትከሻው የሚያውቅ ነው። በደቡብ ጎንደር ዙሪያው መሬት ሲራቆት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር የቀረው የአገር ዛፍ ካህናትና ምእመናን የተፈጥሮን ሀብት መጠበቅ እንደሚችሉ ምስክር ሆኖ ቆሟል። እንግዲህ ካህኑ አዲሱን ንጹሕ ዘር በራሱ ማሳ ላይ አስቀድሞ ቢሞክር፤ በሰንበቴና በማኅበር ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ለወጣቱ መምህር የመናገሪያ ጊዜ ቢሰጥ፤ በልጅነቱ ምክንያት እንዳይናቅም ቃል ቢረዳው፤ የብዙ ስብሰባ ያህል ሥራ ይሠራል። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲሠራባትና እንዲጠብቃት ነውና፤ ምድርን ማልማት ለካህን እንግዳ ስብከት አይሆንም።

የፎገራ ሜዳ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ጥያቄውን ያቀርባል፤ መልሱንም በመኸር ይቀበላል። ዲፕሎማ የያዙ ወጣቶች ከዚህ ጥያቄ እንዳይሸሹ፤ ሹማምንትም እንዳያሸሿቸው፤ ካህናትም ከጎናቸው እንዲቆሙ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ከወረታ የሚወጣው ወረቀት እውነተኛ ዋጋ ያገኛል፤ ምስክሩ የሞላ ጎተራ ይሆናልና።