ገጽን ስለሚለበልብ ቅባት
ምጣዱ በጎመን ዘር ታስሶ፣ ሊጡ ፈስሶ፣ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ ፊቷን የሚመታት፣ ከቤት ስትወጣም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በጣና ዳር ምድር ጠራራ ፀሐይ የሚጠብቃት የባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ የቤት እመቤት፣ ጉንጯና አፍንጫዋ እየጋለ ሲለበልባት፣ ሐኪሞች ሮዛሺያ የሚሉት ሕማም ይሆን ብሎ የሚጠረጥርላት እምብዛም አታገኝም፤ በጠይም ገጽ ላይ የሕማሙ ቅላት ተሰውሮ ጥቁረት ወይም ብጉር መስሎ ስለሚታይ፣ ማድያት ነው ተብላ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበትን ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታ ትመለሳለች። እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ቅባቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገጽን አጥርቶና አለስልሶ የፈውስ ተስፋ ከሰጠ በኋላ፣ ለወራት ሲቀቡት ቆዳውን አቅጥኖ፣ የደም ሥሮቹን አስፍቶ፣ በተተወ ማግሥትም ከፊተኛው የከፋ ቃጠሎ ያስነሣልና፣ መድኃኒት የተባለው ራሱ የሕማም ምንጭ ይሆናል፤ ቀይ መልክን እንደ ጸጋ የሚያስመኘው ልማዳችንም ከዚህ በደል ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ መድኃኒት ቤቶች ይህን ቅባት ያለ ማዘዣ ከመሸጥ ሊታቀቡ ይገባል እላለሁ፤ የተጎዳችውም በድንገት ከመተው አስቀድማ ለቆዳ ሐኪም ትታይ፤ ሜትሮኒዳዞል ወይም አዜላይክ አሲድ ያለበትን ቅባት፣ ሲብስም ዶክሲሳይክሊን የሚያዝዘው እርሱ ነውና። በቤቷ ግን ሎሚንና ሽቶ ያለበትን ሳሙና ከፊቷ ታርቅ፣ ለብ ባለ ውኃ ትታጠብ፣ ቡናዋን በረድ አድርጋ ትጠጣ፣ ሚጥሚጣና አረቄ የሚያስነሡባት እንደ ሆነ ትተዋቸው፣ በቀትርም ያለ ጃንጥላ አትውጣ።