የደጋው ቤት ጠጋኝ ከሰፈሩ ይሁን

ከኅዳር እስከ ጥር በሰሜን ወሎ ዞን በላስታና በግዳን ደጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከቆመው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ባሉ መንደሮች ጎሕ ሲቀድ ማሳው በረዶ መስሎ ይታያል፤ የግዳን ወረዳ ከተማ ሙጃም ከዚህ ብርድ ነጻ አይደለችም። እንዲህ ባለ አገር ቤት የሚሞቀውና እህል የሚበስለው በአንድ ነገር ብቻ አይደለም። ጠዋት ኩበትና ባሕር ዛፍ ይነዳል። መብራት ባለበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጣዳል። ማታ ከሰል ወደ ውስጥ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ፓናል አምፖሉን ያበራል፣ ስልኩንም ይሞላል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይተካል፤ ደጋው የኖረበት ዘዴ ይኸው ነው።

በአውሮፓም ከአንድ በላይ መሣሪያ፣ ለምሳሌ የሙቀት ፓምፕና የጋዝ ማሞቂያ አጣምረው የሚጠቀሙ ብዙ ቤተሰቦች ዕቃውን ሲያስገቡ የዓመት ጥገና ውልም አብረው ይፈርማሉ። ባለሙያው በስንት ቀን ይደርሳል፣ መለዋወጫው በማን ሂሳብ ነው የሚለው በጽሑፍ ይሰፍራል። በእኛ ደጋ ዕቃው ይገዛል ወይም ይታደላል፤ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ግን ከተበላሸ በኋላ ነው። ይህ አካሄድ ሊቀየር ይገባል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው፦ ሙጃን በመሰለ የደጋ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አንድ ቤተሰብ ሊመርጠው የሚገባው የጥገና ዘዴ በቅሬው ወይም በዕድሩ በኩል በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እየተዋጣ፣ እዚያው በሚኖር የሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራ የጋራ ጥገና ነው። የሻጭ ዋስትና ብቻውን አይበቃም። ሲበላሽ ሰው መፈለግ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደምንል ለመረዳት ዕቃዎቹ እንዴት እንደሚበላሹ ማየት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣዱን እንውሰድ። ከላይ የሚታየው የሸክላ ሰሌዳ ነው፤ ከሥሩ በተቀረጸለት ቦይ ውስጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ ተጠምዝዞ ይገባና በጀሶ ይደፈናል። ምጣዱ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባል። የቤቱ ገመድ ቀጭን ከሆነ ወይም ሶኬቱ ከላላ መጀመሪያ የሚቃጠለው ሶኬቱ ነው፤ ጥቁር ይላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። እናትየው ሽታውን ለምዳው መጋገሯን ትቀጥላለች። ከዚያ ሬዚስታንሱ በአንድ ቦታ ይበጠስና የምጣዱ ግማሽ ይቀዘቅዛል፤ እንጀራው በአንድ ወገን ዓይን አውጥቶ በሌላው ሊጥ ሆኖ ይቀራል። የተበጠሰውን ሽቦ ጠምዝዞ መቀጠል ለአንድ ሳምንት ያገለግል ይሆናል። ነገር ግን የተቀጠለው ቦታ ከሌላው ይልቅ ይግላል፤ ሸክላውም በዚያው በኩል ይሰነጠቃል። በጊዜው አዲስ ሬዚስታንስ ቢገባ፣ ጀሶው ቢታደስና ሶኬቱ ቢለወጥ ኖሮ ያ ምጣድ ብዙ ዓመት ይቆይ ነበር። ምጣዱን በጎመን ዘር ማሟሸት እናቶቻችን ያውቁታል፤ የኤሌክትሪኩን ክፍል የሚያይላቸው ሰው ግን የለም።

በገጠር ቤት ከሚቃጠለው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ ነው። ስለዚህ ጥገናውም ከእንጀራው ሊጀምር ይገባል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገራችን የተሰራጨው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በትክክል ከተሠራና ከተያዘ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠሩት ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ይከብባሉ፤ ከኋላ በኩል ጭሱና ሙቀቱ የሚወጣበት ላይ ደግሞ ድስት ይቀመጣል። ክፍሎቹ የተገጣጠሙበት ስንጥቅ በጭቃ ካልተመረገ ግን ነፋስ ይገባል፤ ሙቀቱ በስንጥቁ ይወጣል፤ እንጨቱም እንደ ድሮው ይነዳል። ምድጃው በዓይን ሲታይ ደኅና ነው፤ የሚቆጥበው እንጨት ግን የለም። ጥገናው አንድ እፍኝ ጭቃ ነው። ይህን በየጊዜው የሚያስታውስና የሚያይ ሰው አለመኖሩ የቤቱ እንጨት አቅራቢ በሆኑት ሴቶችና ልጆች ጀርባ ላይ ይወድቃል፤ በተራራው ላይ የቀረውም አስታ እንዲቆረጥ ያደርጋል።

የፀሐይ ኃይሉ ችግር ሌላ ዓይነት ነው። ፓናሉ በቀላሉ አይበላሽም፤ አቧራውን በውሃና በጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። የሚሞተው ባትሪው ነው። የእርሳስ ባትሪ እስከ መጨረሻው ድረስ እየተሟጠጠ ካደረ በአጭር ጊዜ ያልቃል፤ ውሃ የሚፈልገው ዓይነት ደግሞ በየጊዜው የባትሪ ውሃ ካልተጨመረበት ሰሌዳዎቹ ይደርቃሉ። የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ሲቃጠል ብዙ ሰው ፓናሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል፤ መብራቱ ለጊዜው ይመለሳል፣ ባትሪው ግን ከመጠን በላይ እየተሞላ ይጎዳል። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ጓዳ ይወረወራል። ለባትሪ መቀየሪያ አስቀድሞ ገንዘብ ያላስቀመጠ ቤተሰብ ፓናል አለው ማለት አይቻልም።

ከሰሉን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ ነገሩ የሰው ሕይወት ነውና። በብርዱ ወቅት ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጢሱ ጠፍቷል ተብሎ የገባው ፍም ነው ይበልጥ የሚያታልለው። ስለዚህ ቤት ለቤት የሚዞር ጠጋኝ የመጀመሪያ ሥራው መስኮቱንና የጭስ መውጫውን ማየት ሊሆን ይገባል። ዓመት ሙሉ ምጣድ ጠግነን በአንድ ሌሊት አንድ ቤተሰብ ካጣን ጥገና ሠራን ማለት አንችልም።

ካለፈው ልንማር የሚገባን ሁለት ነገር አለ። በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ ከእበት ጋዝ የሚያመርቱ 14,000 ማብላያዎች ይሠራሉ ተብሎ ታቅዶ የተሠሩት ከ8,000 ጥቂት የበለጡ ናቸው። ከተሠሩትም ሥራ ያቆሙ ብዙ ናቸው። የቱቦ መዝጊያ ይፈሳል፣ የምድጃው አፍ ይደፈናል፣ ውሃና እበት በመጠኑ አይጨመርም፤ አንድም የሚያስተካክል ሰው በአቅራቢያ የለም። በደጋ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ጋዙን የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ሙቀት ስለሚፈልጉ በብርድ ጊዜ ጋዙ ይቀንሳል። ይህን ሳይነግሩ ለደጋ ገበሬ ማብላያ መቆፈር ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የተገኘውም ከዚሁ ከክልላችን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለች ቦታ በሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች የፀሐይ መብራት ገባላቸው። ሬማን ከሌሎች የለያት ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት እዚያው መከፈቱና ተጠቃሚው በየወሩ ለጥገና መክፈሉ ነው። ጠጋኙ የአካባቢው ልጅ ነበር፤ ገንዘቡም አስቀድሞ ተዋጥቷል። ሥራው በ2001 ዓ.ም. ለዘላቂ ኃይል ሥራዎች የሚሰጠውን የአሽደን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ሙጃ የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፓናሉን ብቻ ሳይሆን ምጣዱንም፣ ምድጃውንም አንድ ላይ የሚይዝ ሆኖ።

ከሻጩ ጋር የሚደረግ ዋስትና ጥቅም የለውም አላልንም። ዕቃው ሲገዛ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት መያዝ የማንም ገዢ ግዴታ ነው፤ ከፋብሪካው የመጣ ጉድለት በሻጩ ኪሳራ ይስተካከላል። ነገር ግን ዋስትናው ሱቁ ባለበት ነው የሚሠራው። ባትሪ ተሸክሞ ደሴ ወይም አዲስ አበባ መውረድ የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውንና የባከነውን የሥራ ቀን ወጪ ያስከትላል፤ ብዙ ጊዜም ከባትሪው ዋጋ ይበልጣል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ዋስትናው ወረቀት ብቻ ነው። ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት መቆየቷን ማንም አይረሳም። በዚያ ጊዜ የጠቀመው በእጅ የነበረ ዕቃና እዚያው የነበረ ሙያተኛ ነው።

ድሃው በየወሩ ከየት አምጥቶ ይከፍላል የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው እህል ሲሰበስብ ነው፤ ስለዚህ መዋጮው በጥርና በየካቲት አንድ ጊዜ ቢከፈል ወይም በእህል ቢተመን ምንም አይከለክልም። ቅሬው የቀብር ወጪን ለዘመናት እንዲሁ ሲያስተዳድር ኖሯል፤ መዝገብ መያዝ፣ ዳኛ መምረጥ፣ አቅመ ደካማውን ነጻ ማድረግ ያውቅበታል። በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ የመብራት ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ግማሹ በቀዘቀዘ ምጣድ ረጅም ሰዓት የሚጋግር ቤት ሳይታወቀው ከመዋጮው የበለጠ ለቆጣሪው ይከፍላል።

ቅሬው ከባለሙያው ጋር በሚፈርመው ውል ላይ መቅረት የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ባለሙያው በተጠራ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደርስ፤ መዋጮው የእጅ ዋጋን ብቻ ይሸፍናል ወይስ መለዋወጫውንም፤ ለባትሪ የሚቀመጠው ገንዘብ ከሌላው ተለይቶ በቁጠባ ደብተር መግባቱ። ከክረምቱ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት መካከል፣ ውርጩ ሳይጀምር ሁሉም ቤት አንድ ጊዜ መታየት አለበት። ጥገናውን በሚመራው ኮሚቴ ውስጥ ሴቶች ግማሽ ይሁኑ፤ ምጣዱ ሲሸት የምታውቀው የቤቱ እናት ናት፣ የትኛው ጥገና እንደሚቀድምም መወሰን ያለባት እሷ ናት።

የቀረው የመንግሥትና የረድኤት ድርጅቶች ድርሻ ነው። የግዳን ወረዳም ሆነ የላስታ ወረዳ፣ ፓናልም ይሁን ምድጃ ይዞ የሚመጣን ማንኛውንም አካል የሚጠግነው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መቀበል የለበትም። ከሚታደለው ዕቃ ዋጋ ላይ የተወሰነው ለመለዋወጫና ለሥልጠና ይቀነስ፤ የሚታደለው ቁጥር ቢያንስም ይሻላል። የዞኑ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ከየቀበሌው ሁለት ወጣት፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ተቀብለው ምጣድ፣ ኮንትሮለርና ምድጃ መጠገን ያሠልጥኑ። ወረዳው በሙጃ ገበያ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ እንዲከፈት የመሥሪያ ቦታ ይስጥ፤ ሬዚስታንስ፣ ጀሶ፣ ሶኬት፣ ኮንትሮለርና የባትሪ ውሃ እዚያው ይገኙ። ይህ ሥራ ለሚመጣው ኅዳር እንዲደርስ ዝግጅቱ አሁን፣ በዚህ የበጀት ዓመት መጀመር አለበት።