ሾተላይ የደም ነገር ነው

የበኩር ልጇ አድጎላት፣ ከዚያ ወዲህ የፀነሰቻቸው ግን በየተራ የሞቱባት ሴት በየቀበሌያችሁ አትጠፋም። «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ባሏንም ሌላ አግባ የሚሉት አሉ። ኧረ ይኼስ ፍርድ አይደለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቲቱ ደም ኔጌቲቭ፣ የአባትየው ፖዘቲቭ ሲሆን ፅንሱ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ከእናቱ ደም ይገባል። ሰውነቷ ባዕድ መጣብኝ ብሎ መከላከያ ያበጃል፤ ያው መከላከያ የሚቀጥለውን ፅንስ ደም ያጠፋል።

ለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ መርፌ አለ። በእርግዝናዋ 28ኛ ሳምንት፣ ደግሞም ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋለች። ሰውነቷ መከላከያውን አስቀድሞ ካበጀ ግን መርፌው አይረዳትም፤ ያኔ ሆስፒታል ፅንሱን መከታተል፣ ካስፈለገም ቀኗ ሳይደርስ ማዋለድ አለበት። (ፅንስ የሚገድል ሁሉ ሾተላይ አይደለም፤ ቂጥኝም ይገድላል፣ እሱ በፔኒሲሊን ይድናል።)

ስለዚህ ልጅ የሞተባችሁ እናቶች፣ የወር አበባችሁ እንደቀረ ጤና ጣቢያ ሂዱና የሆነውን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩ። ባልም አብሮ ሄዶ ደሙን ይመርመር። መርፌው ውድ ነው፣ ሆስፒታሉም ሩቅ። እንዲያው ዕድራችን ለቀብር ከሚያዋጣው ላይ ለዚች ሴት መሳፈሪያና መድኃኒት ቢቀንስላት ምን ይለዋል?